ፎርሃንዴን ከእግር ጀምረው ላቃኑልኝ አሰልጣኝ

ቴኒስ ለምትጫወቱ፣ በተለይ «ፎርሃንዴ ጉልበት የለውም» እያላችሁ ለምትበሳጩ ሁሉ! (ፎርሃንድ ማለት ራኬት በያዝንበት እጅ በኩል፣ መዳፍ ወደ ፊት ሆኖ የሚመታው ምት ነው።) አሰልጣኜን በአደባባይ ላመሰግን ካሰብኩ ቆየሁ። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም። ምስጋናው ግን አይቀርላቸውም።

ከእሳቸው በፊት ያሰለጠነኝ ሰው ምክሩ አንድ ብቻ ነበር፦ «ጠንከር አርገህ ምታ!» ጠንከር ሳደርግ ኳሱ ወይ መረብ ላይ ይቀራል፣ ወይ ከመስመር ውጪ ይበራል። ክርኔም ይጠዘጥዘኝ ነበር።

እኚህኛው ስለ ክንዴ አንድም ነገር አላሉም። ትንሽ አጫወቱኝና ዓይናቸውን እግሬ ላይ ጣሉ። እኔ የምጫወተው በቀኝ እጄ ነው። ኳሱ በቀኜ ሲመጣ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ክብደቴን ቀኝ እግሬ ላይ እንዳሳርፍ አሳዩኝ። ከዚያ እግር መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ከዚያ ትከሻ፣ ክንድ፣ በመጨረሻ ራኬቱ። አንዱ ለሌላው ፍጥነት እያቀበለ ይሄዳል፤ ልክ ጅራፍ ሲጮህ ኃይሉ ጫፉ ላይ እንደሚወጣው። መሃል ላይ አንዱ ከተቋረጠ ጉድለቱን ክንድ ብቻውን ሊሞላ ይፍጨረጨራል። ክርን ላይ ሸክም የሚበዛውም ያኔ ነው ይላሉ።

ለእኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን የግራ እጅ ነው። ማን ያስባል ስለ ግራ እጅ? ኳሱ ከተቃራኒ ራኬት እንደወጣ ግራ እጅ የራኬቱን አንገት እንደያዘ ትከሻ አብሮ ይዞራል። ቀኝ እጅን ብቻ ወደ ኋላ መሳብ የለም። ትከሻ ከዳሌ አልፎ ሲዞር የሆድና የጀርባ ጡንቻ ይወጠራል፤ ዳሌ ቀድሞ ወደ ፊት ሲመለስ ያ ውጥረት ይለቀቃል። ጉልበቱ ያለው እዚያ ጋ ነው። ታዲያ ተዘጋጅቶ ቆሞ መጠበቅም አይሆንም፤ ውጥረቱ ይባክናል። መዞርና መምታት መያያዝ አለባቸው።

ሌላው አያያዝ ነው። ጨዋታው መሃል ድንገት «ከ10 ስንት ያህል ጨብጠሃል?» ይሉኛል። «8» ካልኩ አለቀልኝ። ላላ ተደርጎ ሲያዝ፣ ሰውነት ወደ ፊት ሲዞር የራኬቱ ራስ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ከዚያ ተወርውሮ ይደርሳል። በእጅ አንጓ ልቀጥቅጠው ማለት አያስፈልግም። ኳስና የራኬቱ ክር የሚነካኩት ሰከንድ ለ1000 ተከፍሎ 5 ያህሉን ብቻ ነው። ከነካ በኋላ የሚጨመር ጉልበት የለም ማለት ነው። ፍጥነቱ ቀድሞ መገኘት አለበት፣ ኳሱም ከሰውነት ፊት ለፊት መመታት አለበት።

ቶፕስፒን (ኳሱን ወደ ፊት እያሽከረከሩ መምታት) ላይም አይደራደሩም። ራኬቱ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ኳሱ ይሽከረከራል፣ መረቡን በደንብ ከፍ ብሎ አልፎ ኮርቱ ውስጥ ይወርዳል። በኃይል መምታት የሚያስችለው ይህ ነው። ታዋቂው የስፔን ተጫዋች ናዳል ራኬቱን ከራሱ በላይ አዙሮ ይጨርስ የነበረውን ልቅዳ ስል ግን ሳቁብኝ። አርጀንቲናዊው ዴል ፖትሮ በ2009 የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ስዊዘርላንዳዊውን ፌደረርን ሲያሸንፍ የነበረው ፎርሃንድ ከናዳል በጣም ይለያል። እሳቸው የሚሉት አጨራረሱን ትታችሁ ሁለቱም እግራቸውን እንዴት ይተክሉ እንደነበር እዩ ነው።

አዲስ ራኬት ልግዛ ስላቸውም አልፈቀዱም። የክሩን ውጥረት ትንሽ አስቀነሱኝ። ላላ ያለ ክር ኳሱን ትንሽ ፈጠን አድርጎ ይመልሳል፣ በምትኩ ቁጥጥሩ ይቀንሳል። ሁለቱንም አስረድተው ምርጫውን ለእኔ ተዉልኝ። ዕቃ ለመሸጥ የሚቸኩል ስንቱ ነው!

ከወዲሁ ላስጠንቅቃችሁ፦ ያለ ኳስ እግር ብቻ እያሠሩ ያሰለቻሉ። ቶሎ ግጥሚያ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ሰው አይስማማቸውም። ታዳጊ ላላቸው ወላጆችም አልጠቁማቸውም፤ የሚይዙት አዋቂዎችን ነው። ለዓመታት ተጫውቶ ፎርሃንዱ እዚያው የቆመበት ሰው ግን ይሞክራቸው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ፤ ስትመጡ ጥሩ ጫማ አድርጉ።