ለቤት ሠራሽ የእንጨት መቅረጫ የገዛኋቸው ሞተሮችና ዘንጎች

ጎንደር፣ አዘዞ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ በኮምፒውተር የሚመራ የእንጨት መቅረጫ ገጣጥሜአለሁ። ሞተሮቹና 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ባለጥርስ ዘንጎች በጥቅል የሚሸጡ የቻይና ሥሪት ናቸው። ሞተሮቹን ወድጃቸዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ አይለግሙም። ከዘንጎቹ ጋር የመጣው የነሐስ ዳዶ ግን ልቅ ነው። አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ይዘገያል። ዋንዛ ላይ የቀረጽሁት የመጀመሪያው ክብ እንቁላል መስሎ ወጣ! አራዳ አካባቢ ያለ አንድ ቶርኖ ቤት በመካከሉ ሞላ ያለው ጥንድ ዳዶ ሠራልኝና ክቡ ክብ ሆነ። ባለሙያው በዋጋ አይራራም፤ እጁ ግን አይስትም።

መመሪያ የሚባል ወረቀት በካርቶኑ ውስጥ የለም። መቅረጫውን 100 ሚሊ ሜትር ሂድ ብለው 62.5 ላይ ቆመ። ለካ ሞተሮቹን የሚያዘው ጂአርቢኤል የተባለው ሶፍትዌር ሲጫን ለአንድ ሚሊ ሜትር 250 የሞተር እርምጃ ይዞ ነው የሚመጣው። የእኔ ሞተር በአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው፤ እያንዳንዱ በ16 ሲከፈል 3200 ይሆናል። ዘንጉ በዙር 8 ሚሊ ሜትር ስለሚገፋ የሚያስፈልገው 400 ነበር። ለዚህች አንዲት ቁጥር ሁለት ሌሊት ከፈልሁ።

መብራት ሲጠፋ መቅረጫው የት እንደነበረ ይረሳል። መነሻውን የሚያገኝባቸውን ማብሪያዎች ለብቻ ግዙ፤ በጥቅሉ ውስጥ የሉም።