«የዓሣ መከታተያ ነው» ተብላችሁ የበግ ትራከር እንዳትገዙ

ደብረ ብርሃንና መንዝ አካባቢ በግ ያላችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ።

ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ ጀርባው ላይ መሣሪያ የታሰረለት ትልቅ ሻርክ ሲዋኝ አሳየኝ። «ባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ የሚያገኙት በዚህ ነው፤ ያንተ በግ ጉም ውስጥ ብትገባ ምን ይሳነዋል? በሳተላይት ነው የሚሠራው፣ ሲም የለ፣ ወርሃዊ ክፍያ የለ» አለኝ። ጉም ሲል ያዘኝ። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ አሥር እርምጃ ላይ ያለች በግ እንደማትታይ የምናውቀው እኛ ነን። አራት ገዛሁ፣ አንዱን በ2,800 ብር። ደረሰኝ ስጠይቀው «ነገ ና» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን እርጉዟ ጥቁር በጌ ሳትመለስ መሸ። ስልኬን ከፈትኩ። ግቢዬ በር ላይ ናት ይላል፣ ሰዓቱ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ነው። ከበር ከወጣች በኋላ መሣሪያው የሚያውቀው ነገር የለም። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። በማግስቱ እረኛው ገደል ሥር አገኛት፣ ተመስገን በሕይወት ናት።

መሣሪያውን በቢላ ከፈትኩት። ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ፣ ጥፍር የምታክል ሰሌዳ፣ በቃ። ብሉቱዝ ነው። ስልኩ ከጥቂት አሥርት ሜትሮች በላይ ከራቀ ያበቃለታል።

ስለ ዓሣው ያለውም ውሸት ነው። አንጀቴ ስላረረ ገብቼ አነበብኩ። ቦታን ለማወቅ ከሳተላይት የሚመጣው የጂፒኤስ ሞገድ የባሕር ውሃን አያልፍም። ስለዚህ አንዳንዱ የዓሣ መሣሪያ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይለቃል፣ ባሕር ውስጥ የተተከለ መቀበያ ደግሞ ዓሣው በአቅራቢያው ሲያልፍ ብቻ ይመዘግባል። በሳተላይት የሚሠራ አንድ ዓይነትም አለ፤ እሱ ለወራት ጥልቀቱን፣ ሙቀቱንና ብርሃኑን ሲያከማች ይቆይና በተቀጠረለት ቀን ከዓሣው ተላቆ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ያከማቸውን ለሳተላይት የሚልከው ያኔ ነው። ዓሣው የት እንደነበረ የሚሰላው ፀሐይ ከወጣችበትና ከጠለቀችበት ሰዓት ነው፣ ስህተቱም ከ100 ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል! እ.ኤ.አ. በ2003 ኒኮል የተባለች ነጭ ሻርክ ከደቡብ አፍሪካ ተነስታ 11,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዋኝታ በ99 ቀን አውስትራሊያ መድረሷ የታወቀው በዚህ ዓይነቱ ነው። እንዲህ ያለው አንዱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ዋጋው ብቻውን ሊያነቃኝ ይገባ ነበር።

ትራከር የምትገዙ ከሆነ ሲም የሚገባበትን ቦታ አስከፍታችሁ እዩ። የግጦሽ መሬታችሁ ላይ ኔትወርክ መኖሩንም አረጋግጡ። ሲም የሌለው በእውነት በሳተላይት የሚሠራ ከሆነ የአገልግሎት ክፍያ አይቀርለትም፣ ሻጩ «በነፃ ነው» ካለ ውጡ። ከሁሉ በፊት ግን ስልካችሁን ይዛችሁ ሱቁ ቁጭ በሉ፣ መሣሪያውን ሌላ ሰው በባጃጅ አንድ ኪሎ ሜትር ይዞት ይሂድ። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ልመልስ ብሄድ «የተከፈተ አይመለስም» አለኝ። ያልተከፈቱትን ሦስቱንም አልተቀበለኝም። የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም። ከደብረ ብርሃን ይህንኑ የገዛችሁ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እናመልክት። በተለይ ደረሰኝ የተቀበላችሁ ካላችሁ በጣም እፈልጋችኋለሁ።