ከኦክቶዳድ ጋር ስምንት ወር፦ ይሉኝታ ያለበት ጌም

ኦክቶዳድን ለገና አሜሪካ ያለችው እኅቴ ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይ ገዝታ ላከችልኝ። ስምንት ወር ሆነኝ። ታሪኩን የጨረስኩት በሁለት ምሽት ነው። ታዲያ ለምን እስካሁን ከላፕቶፔ አላጠፋሁትም? በቤተዘመዱ ምክንያት።

ለማያውቀው፦ ባለታሪኩ ኦክቶፐስ፣ ማለትም ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ሱፍ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ይዞ ይኖራል። ቤተሰቡ ሰው ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ የሠሩት ቺካጎ ያለው የዲፖል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የኔ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው "ዳድሊየስት ካች" የሚባለው ተከታዩ ነው።

እዚህ ጌም ላይ የሚያስፈራው የሰው ዐይን ነው። ጠረጴዛ ስትገለብጡ ያየ ሰው ካለ የጥርጣሬ መለኪያው ይጨምራል። ከሞላ አለቀላችሁ። ማንም ካላየ ግን ሳሎኑን ብታፈርሱትም ችግር የለም። ይሄን ነገር እኛ ቤት ይሉኝታ እንለዋለን።

እያንዳንዱ እግር ለብቻው ነው የሚታዘዘው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የገዛ ሠርጉ ነው። ወደ ሙሽራዋ መራመድ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። እኔ ያገኘሁትን ሁሉ እየገለበጥኩ ደረስኩ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና "ኧረ ይቺ ሙሽራ ዐይን የላትም እንዴ?" አለች።

ዋናው ደስታ ግን ለአራት ሲጫወቱት ነው። እጅና እግሩን ትከፋፈላላችሁ። በፋሲካ ግራ እግሩ ለአጎቴ፣ ቀኝ እግሩ ለዘጠኝ ዓመቷ የእኅቴ ልጅ ደረሰ።

"ጋሼ፣ ያንሡት እንጂ!"

"አንሥቼዋለሁ እኮ! ያንቺ ነው የማይሄደው!"

ሱፐርማርኬት ውስጥ የሙዝ ልጣጭ ረገጥንና ተዘረርን። አጎቴ ከልባቸው ተናደው "ልጣጩን እዚህ የጣለው ማነው?" አሉ። እስካሁን እንስቅባቸዋለን።

እንከን አለው። ካሜራው ጠባብ ቦታ ላይ ግድግዳ ወይም መደርደሪያ ይጋርደውና የምትረግጡትን ታጣላችሁ። አኳሪየሙ (የባሕር እንስሳት ማሳያው) ላይ ደግሞ የባሕር ሳይንቲስቶቹ ቶሎ ይነቁባችኋል። እዚያ ጋ ሣቁ ቆሞ መደበቅ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛውን ዙር ስጫወት እሱ ላይ ተበሳጭቼ ሦስት ሳምንት ተውኩት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ኦክቶፐሱ ራሱ ከመንቦጫረቅ በቀር ስለማያወራ እናቴ ምንም አልቀረባትም። ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት ጆይስቲክ በሦስተኛው ወር ግራው ዘንግ ላላ። በኦክቶፐሱ አረማመድ ላይ ግን ልዩነቱ አልታወቀም።

ብቻችሁን የምትጫወቱ ከሆነ ቅናሽ ጠብቁ፣ አጭር ነው። ቤታችሁ ሰው የማይጠፋበት ከሆነ ዛሬውኑ ግዙት።

በየምዕራፉ ሦስት ሦስት ክራባት ተደብቋል። እኛ ሁለት ይቀሩናል። አጎቴ ለእንቁጣጣሽ እስኪመጡ ግራ እግሩን ማንም እንዳይነካባቸው አስጠንቅቀዋል።