የኦስሚየም ክሪስታል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

ኦስሚየም ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ በጣም ከባድ ብረት ነው። ሻጩ «እሳት አይበግረውም» እያለ በጋዝ ነበልባል ሲያግለው የሚያሳይ ቪዲዮ ከላከላችሁ፣ ከዚያ ሰው አትግዙ። ፈተናውን ቤታችሁ ውስጥም ፈጽሞ አትሞክሩት። ወይ ብረቱ ኦስሚየም አይደለም፣ ወይ ሰውየው የሚሸጠውን አያውቅም። ሁለቱም ገንዘብ የሚያስከፍሉ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ጤናም ይጎዳል።

ኦስሚየም የሚቀልጠው በ3,033 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ማስታወቂያዎቹ የማይነግሯችሁ ግን አየር በሌለበት ብቻ መሆኑን ነው። አየር ባለበት ቦታ፣ ጠጣሩ ኦስሚየም ገና 400 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከኦክሲጅን ጋር እየተዋሃደ ኦስሚየም ቴትሮክሳይድ ይሆናል። ይህ ውህድ በ40 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ130 ዲግሪ ይፈላል፣ በክፍል ሙቀትም ሳይቀር ይተናል። የጋዝ ነበልባል ደግሞ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ «አልቀለጠም» ብላችሁ ስትደነቁ ብረታችሁ በጭስ መልክ እየሄደ ነው። የኦስትሪያው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለአምፖል የኦስሚየም ሽቦ የሠራው አየሩ በተመጠጠበት ብርጭቆ ውስጥ ነበር፤ ሙቀት ቻይነቱ የሚሠራው እንደዚያ ባለ ቦታ ነው።

ተኑ ክሎሪንን የሚመስል የሚሰነፍጥ ሽታ አለው። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስለቅሳል፣ በመብራት ዙሪያ ቀለበት እንድታዩ ያደርጋል፤ በሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊታይ ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደንብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚፈቅደው 0.002 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሽታው ከተሰማችሁ ከዚህ መጠን አልፏል ማለት ነው፤ ወዲያው ከክፍሉ ውጡ፣ ዓይናችሁን ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም የንጥረ ነገሩን ስም ተናገሩ።

አሁን ወደ ዕቃው። በአንድ ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። ዱቄቱ (ስፖንጅ የሚባለውም) በክፍል ሙቀትም ቀስ በቀስ መርዙን ያወጣል፤ በርካሽ ቢያገኙት እንኳ ቤት የሚገባ አይደለም። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ቅስት ቀልጦ የተድቦለቦለ ጠብታ ነው። ሦስተኛው እውነተኛው ክሪስታል ሲሆን፣ የሚያድገው ብረቱ በጋዝ ውህድ መልክ ተጉዞ ሌላ ቦታ ላይ እየተቀመጠ ነው። ይህ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ዋጋው ከሌሎቹ በብዙ ይበልጣል። «አቅልጠን ቅርጽ ውስጥ አፍስሰን ያወጣነው ክሪስታል» የሚል ሻጭ ጠብታውን በክሪስታል ዋጋ ሊሸጥላችሁ ነው። እውነተኛውን በአጉሊ መነጽር ስታዩት ብርማ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ጠፍጣፋ ገጽታዎቹ ሹል ጠርዝ አላቸው፣ ቁራጩን ባዞራችሁት ቁጥር በየተራ ያብለጨልጫሉ። ብረቱ ተሰባሪ ነው፤ ቀለበት ላይ ተጫኖ ሲታሰር ወይም ሲወድቅ ይፈረካከሳል።

ዓይን ግን በቂ አይደለም፤ ሲሊከን ካርባይድ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክሪስታልም ያንጸባርቃል። ኦስሚየምን የሚያጋልጠው እፍጋቱ (ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል) ነው፦ በሴንቲሜትር ኩብ 22.59 ግራም። ይህን ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። 0.001 ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቁራጩን ደረቁን መዝኑ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት። ቀጭን የናይለን ክር ውሃው ውስጥ አስገብታችሁ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ፤ ከዚያ ቁራጩን በዚያው ክር አስራችሁ፣ የብርጭቆውን ታችና ግድግዳ ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። ሚዛኑ ያሳየው ቁጥር የቁራጩ ይዘት በሴንቲሜትር ኩብ ነው። ደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉ እፍጋቱን ታገኛላችሁ።

ለ5 ግራም ቁራጭ ኦስሚየም ከሆነ 0.221 ያህል ይነበባል፤ ተንግስተን ከሆነ 0.260፤ ብር ከሆነ 0.477፤ ሲሊከን ካርባይድ ከሆነ ከ1.5 በላይ። ቁራጩ 1 ግራም ብቻ ከሆነ ግን ልዩነቱ ይጠባል፦ ኦስሚየም 0.044፣ ተንግስተን 0.052። 0.01 ግራም የሚለየው ተራው የጌጣጌጥ ሚዛን እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፤ 0.04 ቢያሳያችሁ ምንም አልነገራችሁም። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደግሞ የአየር አረፋ ነው። በክሪስታሉ ጉድጓዶች ውስጥ 8 ሚሊሜትር ኩብ አየር ብቻ ከቀረ የ1 ግራም ኦስሚየም ልክ እንደ ተንግስተን ይነበባል። ውሃው ውስጥ እንዳለ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፤ ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ከፍተኛውን እፍጋት ያዙ። ከ22.6 በብዙ የሚበልጥ ካገኛችሁ ልኬታችሁ ተሳስቷል፤ ከዚህ የሚከብድ ንጥረ ነገር ገበያ ላይ የለም።

ውሃው አንድ ነገር አይለይም፦ ኢሪዲየም የሚባለውን ሌላ ብረት። እፍጋቱ 22.56 ስለሆነ በቤት ሚዛን ያው ነው። ይህን የሚለየው የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ (በኤክስሬይ የንጥረ ነገሩን ዓይነት የሚለይ) ነው፤ ስታስመረምሩ ግን መሣሪያው ለኦስሚየም የተስተካከለ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነ አጎራባቾቹን ሬኒየምን ወይም ኢሪዲየምን ብሎ ሊያወጣው ይችላል። መሣሪያው የሚያየው የላይኛውን ስስ ሽፋን ብቻ በመሆኑ፣ ተንግስተን ላይ የተቀባ ኦስሚየም ያልፈዋል። ስለዚህ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም፦ ውሃው ውስጡን፣ ኤክስሬዩ ላዩን ይመረምራል። ማግኔት ከሳበው ኦስሚየም አይደለም፤ ካልሳበው ግን ምንም አላረጋገጣችሁም።

በጣም የሚከፋው ኪሳራ ግን ብረቱ እውነተኛ ሆኖም ይደርሳል። ኦስሚየም እንደ ወርቅ ዕለታዊ ዓለም አቀፍ ዋጋ የሚወጣበት ገበያ የለውም፤ «የዛሬ ዋጋ» ተብሎ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ሻጩ ራሱ ያወጣው ነው። ኢንዱስትሪው የሚጠቀመው ጥቂት ነው፦ የብዕር ጫፍ ቅይጥ፣ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ናሙና ማቅለሚያ፣ ለኬሚካል ሥራ ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥ ማፋጠኛ)። ከእነዚህ አንዱም የተዋበ ክሪስታል አይፈልግም፤ ማጣሪያ ቤት ቢቀበላችሁ እንኳ የሚከፍለው ለጥሬ ብረቱ ነው። ለክሪስታልነቱ የከፈላችሁት ተጨማሪ ገንዘብ የሚመለሰው ሌላ ሰብሳቢ ካገኛችሁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት። አንደኛ፣ ያንኑ ቁራጭ ዛሬ እናንተ ብትሸጡለት ስንት ይከፍላል፣ ምን ያህል ኮሚሽን ይቆርጣል፣ በስንት ቀን ይከፍላል። ሁለተኛ፣ ከሰርተፍኬቱ ጋር የክሪስታሉን ገጽታ በቅርብ የሚያሳይ ጥራት ያለው ፎቶ፤ የገጽታው አሰላለፍ እንደ አሻራ ከቁራጭ ቁራጭ ስለሚለያይ፣ ዕቃው ሲደርስ ከፎቶው ጋር በአጉሊ መነጽር አስተያዩ። ፎቶው ከደረሰው ቁራጭ ጋር ካልገጠመ ሳጥኑን እንዳለ መልሱ።