ለአንድ ምጣድ ስንት አገር ይበቃዋል? ፒሲቲ በተጠቃሚ ዓይን

ፒሲቲ፣ ማለትም አገሮች የተፈራረሙት የፓተንት ትብብር ስምምነት፣ ፓተንት አይሰጥም። ይህን አስቀድሜ ልበለው፤ «የዓለም ፓተንት አወጣ አሉ» ብሎ ደውሎ እንኳን ደስ ያለህ የሚለኝ ዘመድ እስካሁን አላለቀም። የዓለም ፓተንት የሚባል ነገር የለም። ፓተንት፣ ፈጠራችሁን ሌላ ሰው እንዳይገለብጠው የሚያስከብረው መብት፣ በየአገሩ ነው።

ጄኔቫ ያለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በፒሲቲ በኩል የሚሸጠው ጊዜ ነው። መጀመሪያ ካመለከታችሁበት ቀን አንስቶ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ 12 ወር አላችሁ። በፒሲቲ ከገባችሁ ግን ውሳኔው እስከ 30ኛው ወር ይገፋላችኋል፤ የአውሮፓው ቢሮ 31 ይሰጣል። አባል አገሮቹ ከ150 በላይ ናቸው። ጊዜው ሲደርስ ግን በመረጣችሁት አገር ሁሉ ለየብቻ ትከፍላላችሁ፣ ለየብቻ ትመረመራላችሁ።

የእኔ ነገር ምጣድ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ የተለመደው ሶኬት 120 ቮልት፣ 15 አምፒር ነው። ቢበዛ 1800 ዋት ማለት ነው። አገር ቤት የለመድነው ትልቁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ እዚህ አገር ትልቅ ምጣድ ስትሰኩ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይ የእንጀራው መሀል በስሎ ዳሩ ሊጥ ይሆናል። የእኔ መላ የመሀሉንና የዳሩን ሬዚስታንስ ለይቶ በየተራ ማሞቅ ነው። ተራውን የሚወስነው ደግሞ አክንባሎው ላይ ያለች ትንሽ ሴንሰር ናት። እንፋሎቱ ሲሞላ ኃይሉ ወደ ዳር ይሄዳል። እንጀራው ዓይን በዓይን ሆኖ፣ ጠርዙ ራሱ ብድግ ብሎ ይነሳል።

ከአገልግሎቱ ሁሉ ገንዘቤን የማያስቆጨኝ የፍለጋ ሪፖርቱ ነው፤ ፈጠራችሁን የሚመስል ነገር ከዚህ በፊት መኖር አለመኖሩን የሚነግራችሁ ወረቀት። ከአሜሪካ የሚያመለክት ሰው ፍለጋውን የሚሠራለትን ቢሮ ከተወሰኑ አገሮች መምረጥ ይችላል። እኔ የኮሪያውን ወሰድኩ፤ ከአውሮፓው ይረክሳል። ሪፖርቱ ሲመጣ ወረቀቱን አትፍሩት። ግራ ዳር ያለችውን አንዲት ፊደል እዩ። ኤክስ ከሆነች፣ ያ የድሮ ሰነድ ብቻውን ይጥላችኋል። ዋይ ከሆነች ከሌላ ሰነድ ጋር ተደምሮ ነው። ኤ ግን ለመረጃ ያህል ናት፣ አትነካችሁም። ሬዚስታንስ በየተራ ማሞቁ ላይ ኤክስ ተደቅኖበት መጣ። ሰነዱ የፒዛ ምድጃ ነበር፣ ያውም ያረጀ! ስለ አክንባሎው ሴንሰር የሚናገረው ክሌም (ይጠበቅልኝ ያልኩት ነጥብ) ላይ ግን ከኤ በስተቀር ምንም የለም። እንግዲህ አገር ለአገር ይዤው የምዞረው ምጣዱን ሳይሆን አክንባሎውን ነው ማለት ነው።

ከዚያ የአገር ምርጫ መጣ። ጠበቃዬ የላከችልኝ ዝርዝር አውሮፓን፣ ካናዳን፣ ቻይናን፣ ጃፓንን፣ እስራኤልን ይዟል። አንድ ጥያቄ ግን አብራ ጻፈች፦ «እዚያ አገር ቢገለብጡብህ ጠበቃ ቀጥረህ ትከሳለህ?» ለሰዓቷ የከፈልኩት በዚህች መስመር ብቻ ተመልሷል።

አውሮፓን ያሰረዘኝ ደንበኛ ነው። ከስቶክሆልምና ከፍራንክፈርት የሚጽፉልኝ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «የ220 አለህ?» ለምን ይቸገራሉ? እነሱ ጋ አንድ ሶኬት ከ3 ኪሎዋት በላይ ያወጣል፤ ተራ ምጣድ በደንብ ይጋግርላቸዋል። እስራኤልም እንደዚያው። የእኔ ፈጠራ የሚፈታው ችግር እነሱ ቤት የለም። ሰው የሌለበትን ችግር በፓተንት ማጠር በየዓመቱ ለባዶ ቤት ኪራይ እንደመክፈል ነው። ጃፓን 100 ቮልት ስለሆነ ችግሩ አለ፤ ግን ቶኪዮ ውስጥ ለስንት እንጀራ ጋጋሪ ብዬ ሙሉ ማመልከቻ ወደ ጃፓንኛ አስተረጉማለሁ?

ቻይና ከበደኝ። ቢገለበጥ የሚገለበጠው እዚያ ነው። ነገር ግን የሚሸጠው እዚህ ነው፤ የአሜሪካ ፓተንት ያለው ሰው ደግሞ ከውጭ የሚገባውንም ማስቆም ይችላል። አማዞን ላይ ፍርድ ቤት ሳይኬድ የፓተንት ክርክር የሚታይበት አሠራርም አለ። ሁለቱም ወገን 4,000 ዶላር ያስይዛል፣ ያሸነፈው ይመለስለታል። በቻይና ፍርድ ቤት ከመንከራተት ይሄ ይሻለኛል። ተውኩት።

«ኢትዮጵያስ?» የሚሉኝ አሉ። ኢትዮጵያ 220 ነው፣ አያስፈልጋትም። ደግሞም ማመልከቻዬ በ18ኛው ወር ለዓለም ታትሟል። እዚያ መብት ስለሌለኝ መርካቶ ያለ ብየዳ ቤት አይቶ ቢሠራው ማንም አይከለክለውም፤ ደስ ይለኛል እንጂ። የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ያወጣበትን ጣጣ የምታስታውሱ ይህ የአገር አጥር ይገባችኋል። በ2018 ዘ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት የጤፍ ዱቄቱን ፓተንት ውድቅ ሲያደርግ፣ ፍርዱ የሚሠራው ለኔዘርላንድስ ብቻ ነበር። ጀርመንና ጣሊያን የተመዘገበው በዚያ ፍርድ አልተነካም። የእኔ ማመልከቻ ፓተንትስኮፕ በተባለው የጄኔቫው ድርጅት የፓተንት መፈለጊያ ላይ በነፃ ይነበባል፤ ድረ ገጹ መልኩ ባያምርም ፍለጋው ጎበዝ ነው።

የሚያናድድ ነገርም አለ። ማመልከቻው በታተመ ማግስት ማኅተም የመሰለ ነገር የተደረገበት «የምዝገባ ክፍያ» ደብዳቤ ፖስታ ሳጥኔ ገባ። ሌባ ነው። የጄኔቫው ድርጅት ራሱ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ናሙና ሰብስቦ ድረ ገጹ ላይ ያስጠነቅቃል፤ ግን ማስጠንቀቂያውን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። መቀበያ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ቢጽፉት ምን ነበረበት?

ዋጋውን በተመለከተ፣ እኔ ስከፍል የጄኔቫው ማስገቢያ 1,330 የስዊስ ፍራንክ ነበር፤ የፍለጋውና የጠበቃው ለብቻ ነው። አንድ ወይም ሁለት አገር ብቻ እንደምትፈልጉ ከወዲሁ የምታውቁ ከሆነ ፒሲቲ ይቅርባችሁ። 12 ወሩ ሳያልፍ በቀጥታ ማመልከት ይረክሳል። ገበያው የት እንዳለ ገና ያልለየላችሁ ግን ግቡበት። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ።

እኔ በመጨረሻ ካናዳ ብቻ ገባሁ። ቮልቱ እንደኛው 120 ነው፣ ቶሮንቶና ካልጋሪ እንጀራ የሚጋግር ሞልቷል፣ ትርጉምም አያስፈልግም። ምርመራውን ለመጠየቅ እስከ 4 ዓመት ይሰጣሉ፤ የሚቆጠረው ግን ካናዳ ከገባችሁበት ቀን ሳይሆን ፒሲቲውን ካስገባችሁበት ነው። ዓመታዊ ክፍያውም እንደዚያው ከሁለተኛው ዓመት ይጀምራል፣ ምርመራ ጠየቃችሁም አልጠየቃችሁም።