የግብፅን ክታብና ጌጥ ከደሴ ሆኖ ማየት፦ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ድረ ገጽ

በኒው ዮርክ ከሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የጥንታዊት ግብፅ ስብስብ ውስጥ ክታቦቹን፣ ጌጣጌጦቹንና ከሙታን ጋር የሚቀበሩትን ትንንሽ ምስሎች ደሴ ተቀምጬ በሙዚየሙ ድረ ገጽ ስመለከት ከርሜአለሁ። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም፤ ሙዚየሙ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ቅርሶች ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ2017 ለማንም ሰው በነጻ ስለለቀቀ ምስሉን አውርዶ ማስቀመጥም ይቻላል። ሥራዬ ብር ማንጠር በመሆኑ የምፈርደው በአንጥረኛ ዓይን ነው።

አስቀድሜ የምመክረው የልዕልት ሲትሃቶርዩኔትን የደረት ጌጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ላሁን በተባለው ስፍራ ከመቃብሯ የወጣው ይህ ጌጥ የንጉሥ ዳግማዊ ሴንወስረትን ስም የያዘ ሲሆን፣ ወርዱ ከ8 ሴንቲሜትር እምብዛም ባይበልጥም 372 የተጠረቡ የድንጋይ ቁርጥራጮች ተሰክተውበታል። እያንዳንዱ ድንጋይ ለራሱ በተበጀለት ስስ የወርቅ ቅጥር ውስጥ ተቀምጧል። ማንም የማያየው፣ ከለባሿ ደረት ጋር የሚነካካው ጀርባውም ሳይቀር በፊቱ በኩል ያለው ያው ሥዕል በወርቁ ላይ ተቀርጾበታል። አባቴ አሸንክታብ ሲገዛም ሆነ ሲሸጥ መጀመሪያ የሚገለብጠው ጀርባውን ነበርና፣ ስሙ ያልታወቀውን ያን አንጥረኛ ከልቤ አከበርኩት።

በእኛ በወሎ ክታብ ማለት በመጀመሪያ ጽሑፍ ነው፤ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋል ወይም በብር ማኅደር ውስጥ ይገባል። በግብፅ ክታቦች ግን ኃይሉ በአብዛኛው የታመነው በቅርጹ፣ በቀለሙና በተሠራበት ነገር ነው። ፋየንስ የሚሉት ሰማያዊና አረንጓዴው ቁስ፣ በፎቶግራፍ ሲታይ የሸክላ ቢመስልም፣ ኳርትዝ ከተባለ የተፈጨ ድንጋይ የሚሠራ ሆኖ ቀለሙን የሚያገኘው ከመዳብ ነው። በሟቹ ልብ ላይ የምትቀመጠው ጢንዚዛ ግን ከሆዷ በኩል ተጽፎባታል፤ ጽሑፉም ልብ በፍርድ ጊዜ በባለቤቱ ላይ እንዳይመሰክርበት የሚማጸን ነው። ከሁሉም ለእኛ ክታብ የቀረበችው እርሷ ትመስለኛለች።

ሻብቲ የተባሉት ምስሎች ሟቹ በወዲያኛው ዓለም ለእርሻ ሥራ ሲጠራ «አለሁ» ብለው የሚተኩት ናቸው። በኋለኞቹ ዘመናት የአንድ ሰው ሙሉ ስብስብ 401 ይደርስ ነበር፦ 365ቱ ለየዕለቱ፣ 36ቱ ደግሞ ጅራፍ የያዙ አለቆች።

መግለጫው በእንግሊዝኛ መሆኑ ብዙዎቻችንን ያደክማል፤ ትልልቆቹን ምስሎች በደካማ ኔትወርክ መክፈትም ትዕግሥት ይጠይቃል። ፎቶግራፍ የጣት ጥፍር የሚያህለውንና ክንድ የሚያህለውን እኩል ስለሚያሳይ መጠኑ ሳይነበብ አይታለፍ። እኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት የምፈልገው ዕቃው የተገኘበትን ስፍራ ነው። ከነጋዴ ተገዝቶ የመጣ፣ መቃብሩ የማይታወቅ ክታብ የቱንም ያህል ቢያምር ማን አንገት ላይ እንደነበረ አይናገርም፤ ስለዚህ ከቁፋሮ የወጡትን አስቀድማችሁ እንድታዩ እመክራለሁ።