የቆዳ፣ የሳጥን ወይስ የኤሌክትሪክ ክራር? ከመግዛትዎ በፊት

ክራር ሊገዛ የሚወጣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ገበቴው (ድምፅ የሚያስተጋባው የታችኛው አካል) ላይ በተሳለው ጌጥ ላይ ነው። መታየት ያለበት ግን ቀንበሩ፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው አግዳሚ እንጨት፣ ነው። ክራር ለየቅኝቱ፣ ማለትም እንደ ትዝታና አምባሰል ላሉት የዜማ መሠረቶች፣ እንደ አዲስ የሚቃኝ መሣሪያ ስለሆነ፣ ክሩ ቀንበሩ ላይ የተያዘበት መንገድ ከድምፁ ቀጥሎ፣ ለጀማሪ ደግሞ ከድምፁም ቀድሞ ይመዘናል።

ስሌቱ ይህ ነው። ክራሩ በትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተቃኝቶ፣ 6ኛው ክር የላይኛው ዶ ነው እንበል። ወደ ትዝታ ማይነር ለማለፍ 2 ክሮች፣ ሚ እና ላ፣ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ወደ አምባሰል ከሆነ 3 ክሮች ይነካሉ፤ ሬ እና ላ ግማሽ ይወርዳሉ፣ ሚ ግማሽ ይወጣል። አንቺ ሆዬም 3 ክር ነው፤ ሬ እና ሶል ይወርዳሉ፣ ሚ ይወጣል። በአንድ የልምምድ ሰዓት ይህ ደጋግሞ ይመጣል። መቃኛው የማይታዘዝ ከሆነ ተማሪው ሰዓቱን የሚጨርሰው ሲያጠብቅና ሲያላላ ነው።

በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አያያዝ ይገኛል። ጥንታዊው ክሩን ከጨርቅ ጋር ቀንበሩ ላይ ጠምጥሞ፣ ጨርቁን በማዞር የሚቃኘው ነው። ለለመደ እጅ ፈጣን ነው፤ ለጀማሪ ይንሸራተታል። ሁለተኛው የእንጨት መቃኛ ነው። ቀዳዳውና እንጨቱ በልክ ከተሠሩ ጥሩ ይይዛል፤ ካልተገጣጠሙ ወይ ወደ ኋላ ይፈታል ወይ ተጣብቆ በድንገት ይዘላል። ሦስተኛው ባለ ጥርሱ የጊታር መቃኛ ነው። ቀንበሩን ያከብደዋል፣ መልኩንም ይቀይረዋል፤ ቢሆንም ለተማሪ ይህን የሚያህል የለም።

የቆዳው ክራር

ገበቴው ከእንጨት የተፈለፈለ ወይም የብረት ሳህን ሆኖ ቆዳ የተወጠረበት ነው። ድምፁ ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎም ይጠፋል፤ ስለዚህ ለግርፍ ተስማሚ ነው። ግርፍ ላይ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ ሆነው እንዳይሰሙ የሚፈለጉትን ያፍናሉ። ድምፁ አጭር ስለሆነ ትንሽ የዘገየች ጣት ዜማውን አታበላሽም።

ችግሩ ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቆዳው እርጥበት ስቦ ይላላል፣ ክሮቹን የተሸከመው በርኩማ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ቅኝቱም አብሮ ይወርዳል። ክሩ የበግ ጅማት ከሆነ እርጥበቱ እሱንም ያገኘዋል፤ ናይሎን በዚህ ብዙም አይነካም። የላላ ቆዳን ከሰል ላይ ማሞቅ አይገባም፤ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። ጥቂት ደቂቃ የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል።

የሳጥኑ ክራር

ፊቱ ስስ ጣውላ ነው። ከቆዳ ይልቅ ዝናብን ይችላል፤ ድምፁም ይረዝማል። ክሮቹ አንድ በአንድ በሚነኩበት ድርደራ ያምርበታል። ግርፍ ላይ ግን በደንብ ያልታፈነ ክር ሁሉ ይሰማል። ይህን አንዳንድ አስተማሪዎች እንደ ጥቅም ያዩታል፤ ስሕተቱ አይደበቅማ። ሲገዙ ፊቱን በጣት መገጣጠሚያ ዙሪያውን ያንኳኩት። አንድ ቦታ ላይ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰጠ ሙጫው ለቋል ማለት ነው።

የኤሌክትሪኩ

እዚህ ላይ ገዢ የሚሳሳተው ድምፅ መቀበያውን ባለመጠየቁ ነው። በማግኔት የሚሠራው የሚሰማው የብረት ክርን ብቻ ነው፤ ናይሎን ከገጠሙበት ዝም ይላል። በእንጨቱ ላይ የሚለጠፈው ፒዬዞ ንዝረቱን ስለሚወስድ ለሁሉም ክር ይሆናል። የብረት ክር ደግሞ እምብዛም አይለጠጥም፤ መቃኛው በጥቂቱ ሲዞር ድምፁ ብዙ ይቀየራል። ስለዚህ የብረት ክር ያለው ክራር ባለ ጥርስ መቃኛ ከሌለው አይግዙት። የቆዳ ክራር ላይ የብረት ክር መግጠምም አይመከርም፤ ቀጭኑ ሽቦ ለስላሳውን ቀንበር እየበላ ይገባል።

ውስጡ ድፍን የሆነው ኤሌክትሪክ ክራር በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ምቹ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ሌሊትም ይለማመዱበታል። መብራት ሲሄድ ግን ከራስዎ በቀር የሚሰማዎት የለም። ባዶ ሳጥን ላይ ፒዬዞ የተለጠፈበት ግን በመብራትም ያለ መብራትም ይሰማል።

ሱቅ ውስጥ

በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች የሚሰቀሉት አብዛኞቹ ክራሮች ለግድግዳ የተሠሩ ናቸው። መርካቶም ቢሆን ሠሪውን ከነጋዴው ለይቶ መጠየቅ ያዋጣል፤ ቆዳ ሲቀደድ የሚያድሰው ሠሪው ነውና።

የስልክ መቃኛ (የክሩን ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ) ይዘው ይሂዱና 6ቱንም ክሮች እዚያው ይቃኙ። አንድ ደቂቃ ያህል ጠንከር አድርገው ይግረፉና እንደገና ይለኩ። ሁሉም በመጠኑ ከወረዱ ክሩ አዲስ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ናይሎን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለጠጣል። አንዱ ብቻ ብዙ ከወረደ መቃኛው አይዝም። ከዚያ ገበቴውን በአንድ እጅ፣ ቀንበሩን በሌላው ይዘው በቀስታ ይጠምዝዙ፤ ሁለቱን የሚያገናኙት ምሰሶዎች ከተነቃነቁ ይተዉት። ቀንበሩን ከጎን ይዩት፤ ወደ ገበቴው ከጎበጠ ተወጥሮ ከርሟል፣ ከዚያ በኋላ አይቃናም።

በመጨረሻ የግራ እጅዎን በማንገቻው አስገብተው ጣቶችዎን ክሮቹ ላይ ያሳርፉ። 5 ጣት ለ6 ክር ስለሆነ አንዱ ጣት ሁለት ክር መጠበቁ አይቀርም። ለዚያ ከተንጠራሩ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት ለእጅዎ ሰፍቷል ማለት ነው፤ በተለይ ለልጅ ሲገዛ ልጁን ይዞ መሄድ ይሻላል።

ለጀማሪ ምርጫችን ናይሎን ክርና ባለ ጥርስ መቃኛ ያለው ክራር ነው፤ ግርፍ ለሚማር የቆዳው፣ ድርደራ ለሚማር የሳጥኑ። በቡድን ለሚያስተምር ደግሞ የክራሮቹ ክርና መቃኛ አንድ ዓይነት ይሁን። የተቀላቀለ ከሆነ አንዱ ተቃኝቶ ሳያልቅ ሌላው ይወርዳል። ትርፍ ክር አብረው ይግዙ፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚበጠሰው ቀጭኑ፣ የላይኛው ዶ ነው።